የጠረጴዛ ፍሬም ሳትጨርሱ ሰያፉን ለኩ

ማዕዘኑን በስኳድራ (በማዕዘን መለኪያው) አስተካክላችሁ የበየዳችሁት የጠረጴዛ ፍሬም ሲቀዘቅዝ ተንጋዶ ከተገኘ፣ ጥፋቱ የስኳድራው አይደለም። የቀለጠው ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ቱቦላሬውንም (ውስጡ ክፍት የሆነውን የፍሬሙን ብረት) ወደ ራሱ ይስበዋል።

መላው እንዲህ ነው። መጀመሪያ አራቱንም ማዕዘን በትንንሽ የብየዳ ነጥብ ብቻ ያዝ ያዝ አድርጉ። ከዚያ በሜትር ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ሁለቱንም ሰያፍ ለኩ። 120 በ60 ሳንቲ ለሆነ ፍሬም ሁለቱም 134.2 ገደማ ይመጣሉ። ቁጥሩን መያዝ እንኳ አያስፈልግም፣ እኩል ይሁኑ እንጂ። ካልሆኑ የረዘመውን ሰያፍ ጫፍ በመዶሻ መታ መታ አድርጉ። ልዩነቱ 4 ሚሊ ከሆነ ረጅሙ 2 ሚሊ ሲያጥር ይበቃል፤ አጭሩ በዚያው ልክ ይረዝማልና። (እኔ መጀመሪያ ሰሞን 4ቱንም ሚሊ ከረጅሙ ለማሳጠር እየመታሁ ወደ ሌላ በኩል አጣምመው ነበር።)

ሙሉውን ስትበይዱ ደግሞ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ጎረቤቱ ሳይሆን ወደ ተቃራኒው ተሻገሩ፤ ስበቱ ይመጣጠናል።

ትይዩ ጎኖቹ እኩል ካልተቆረጡ ግን በሰያፍ አትመኑ። ሰያፉ እኩል ሆኖም ፍሬሙ አንድ ጎኑ ሊጠብ ይችላል።