በዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ የማስተርስ ትምህርት ከማመልከትዎ በፊት የመምህራንን ብቃት እንዴት ይመዝናሉ?

ከዩኒቨርሲቲው ስም አስቀድመው ማን እንደሚያስተምር ይመርምሩ። የመምህራኑን የሥራ ታሪክ ሲያነቡ፣ በዓለም ንግድ ድርጅት ክርክሮች በፓነል (ክርክሩን በመጀመሪያ በሚዳኘው ቡድን) አባልነት፣ በጠበቃነት ወይም በመንግሥት ተደራዳሪነት የሠራ መኖሩን ያጣሩ። ለምሳሌ በስዊዘርላንድ በበርን ዩኒቨርሲቲ የዓለም ንግድ ተቋም ያስተማሩት ፒተር ቫን ደን ቦሽ፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2017 የዓለም ንግድ ድርጅት ይግባኝ ሰሚ አካል አባል ነበሩ፤ ውሳኔ የጻፈ ሰው ውሳኔን የሚያስነብብበት መንገድ፣ በእኔ እምነት፣ በመጽሐፍ ብቻ ከሚገኘው እጅግ የጠለቀ ነው።

ይሁን እንጂ የቀድሞ ሹመት ብቻውን አይበቃም። አንድን ይግባኝ ለማየት ሦስት አባላት ስለሚያስፈልጉና አሜሪካ አዲስ ሹመት በመከልከሏ አካሉ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2019 ወዲህ ሥራውን መቀጠል ስላልቻለ፣ መምህሩ ከዚያ በኋላ ምን እንደጻፈና የኮርሱ መግለጫ ይህን ለውጥ ማካተቱን ይመልከቱ።

ታዋቂው ስም ዓመቱን ሙሉ የሚያስተምር ይሁን ወይም ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚመጣ እንግዳ፣ ለፕሮግራሙ ጽሕፈት ቤት ጽፈው ይጠይቁ፤ የመመረቂያ ጽሑፍዎን የሚያማክርዎ ቋሚው መምህር ሊሆን ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ2003 ለዓለም ንግድ ድርጅት የአባልነት ጥያቄ ያቀረበችው የኢትዮጵያ ጉዳይ የሚያሳስብዎ ከሆነ ደግሞ፣ በአባልነት ድርድርና በአገልግሎት ንግድ ላይ የጻፈ መምህር ያለበትን ፕሮግራም ያስቀድሙ።