አስፋልት አንስቶ ወንዝ መመለስ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው

አስፋልት አፍርሶ ውሃ መመለስ ይቻላል። የኔዘርላንድስዋ ዩትሬክት አድርጋዋለች። በ1970ዎቹ የጥንቱን የከተማ ቦይ በከፊል ደፍነው ፈጣን መንገድ አወጡበት። በ2002 ነዋሪው በድምፁ ውሃው ይመለስ አለ፤ በ2020 ቦዩ ዙሪያውን ገጠመ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ሴኡል ደግሞ በቾንግጌቾን ወንዝ ላይ የተሠራውን ተንጠልጣይ መንገድ በ2003 ማፍረስ ጀምራ በ2005 ወንዙን ከፈተችው። ለእኔ የዩትሬክቱ ይሻለኛል። ቢዘገይም ሕዝቡ መክሮበታል።

እኛ ጋ ቦርከና ወንዝ ላይ የተንጠለጠለ ሀይዌይ የለም። ግን ከተሞቻችን እየሰፉ ነው፤ መንገድ ሲጠብ ደግሞ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ወንዝ ዳር ላይ ነው። ስለዚህ ለማስመለስም ሆነ ላለማስነካት የምትጀምሩት ከአንድ ቦታ ነው፦ ከውሃው።

ውሃውን ለኩ። ቀጥ ያለ ቦታ ፈልጉና 10 ሜትር ምልክት አድርጉ። እንጨት ጣሉበት፣ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። 20 ሰከንድ ከፈጀ ፍጥነቱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ነው። ወንዙ 3 ሜትር ስፋት፣ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው ሦስቱን፣ ፍጥነቱን፣ ስፋቱንና ጥልቀቱን፣ ሁሉንም በሜትር አድርጋችሁ አባዙ፤ ታች ያለው ውሃ ከላዩ ስለሚዘገይ በ0.85 አባዙት። 0.255 ሜትር ኩብ፣ ማለትም በሰከንድ 255 ሊትር ይመጣል። ይህን በየካቲትም በነሐሴም አድርጉት፣ ምክንያቱም የበጋውና የክረምቱ ቦርከና አንድ ወንዝ አይመስሉም፣ በአንዱ ወቅት ብቻ የለካ ሰው ወይ ደረቅ ቦይ ይሠራል ወይ ጎርፍ ቤቱ ያስገባል። ሴኡል እንኳ የራሱ ውሃ ስላልበቃ በቀን 120,000 ቶን ያህል ውሃ፣ አብዛኛውን ከሃን ወንዝ፣ በፓምፕ እየሳበች ነው የምታስሮጠው። የመብራቱ ወጪ ቀላል አይደለም።

ቀጥሎ ፍሳሹ። ይህን ሳትጨርሱ አስፋልት አትንኩ! ክዳኑን ስታነሱ የሚወጣው ሽታ ከሆነ ሰዉ ራሱ መልሳችሁ ድፈኑልን ይላል። ወንዙን ይዛችሁ በእግር ውረዱ። ከየትኛው ቱቦ ምን እንደሚገባ፣ የትኛው ሽንት ቤት ወደ ወንዝ እንደተለቀቀ፣ ፌስታልና ሃይላንድ የት እንደሚከማች ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን ጻፉ። ደሴ የለቀቀችውን ኮምቦልቻ ነው የምትቀበለው፣ ከዚያ ከሚሴ። ስለዚህ የታችኞቹንም ጥሩ።

መኪናው የት ይሄዳል? ሴኡል በ2004 አውቶቡሶቿን አደራጅታ መሐል መንገድ ላይ የራሳቸውን መስመር ሰጠቻቸው። እኛም የባጃጅና የሚኒባስ ማቆሚያው፣ የጭነት መኪናው ማለፊያ አስቀድሞ ይለይ።

ነጋዴውን እንዳትረሱ። ሴኡል ውስጥ ከወንዙ ዳር ተነሥተው ሌላ ቦታ ከተሰጣቸው ብዙዎቹ ገበያቸው ቀዝቅዟል። ጉሊት የምትቸረችር እናት ደንበኛዋ በእግር የሚመጣ ነው፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ካራቃችኋት አበቃ። እድሩን፣ መስጊዱንና ቤተ ክርስቲያኑን ይዛችሁ ከእነሱ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፣ ምትኩ ቦታ በጽሑፍ ይያዝ።

ስፋቱ ላይ አትሰስቱ። ሴኡል በ200 ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍን አስባ ነው የሠራችው፤ እንዲያም ሆኖ ከባድ ዝናብ ሲጥል የእግር መንገዱ ይዘጋል። ከጦሳ ተራራ የሚወርድ ውሃ ደግሞ በደቂቃ ነው የሚደርሰው።

ሁሉንም ባንዴ አትክፈቱ፤ ዩትሬክትም በየክፍሉ ነው የከፈተችው። መለኪያውን የጻፋችሁበትን ደብተርና ፎቶዎቹን ያዙ፣ የከተማው ፕላን ለውይይት ሲቀርብ በእጃችሁ ይኑር።