የቡና ቁርስ ሰፌድ፦ ስንደዶ ከመያዝ እስከ መሸጥ (ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰፊዎችና ገዢዎች)

ለጥር ሠርግ የሚደርስ ስፌት ሣሩ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ካልተያዘ አይሆንም። ታኅሣሥ ላይ ስንደዶ ፍለጋ የወጣ ሰው የሚያገኘው የሌላ ሰው ትራፊ ነው፤ አጭሩን፣ የጠቆረውን፣ ሲሰነጥቁት እንክት የሚለውን። እዚህ የምናሳየው 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የቡና ቁርስ ሰፌድ አሠራር ነው። ቆሎና ዳቦ ይቀርብበታል፣ ለጀማሪ አይከብድም፣ ገበያ ላይም ቶሎ ይነሳል። መሶብና ሌማት እሱ እጅ ከገባ በኋላ ይደርሳሉ።

ሣሩን መያዝ

ሁለት ዓይነት ሣር ያስፈልጋል። አክርማ ውስጥ ይገባል፤ ሰፌዱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። ስንደዶ ደግሞ አክርማውን እየጠመጠመ ይሰፋል፤ ቀለም ሲነከር አለላ የሚባለውም እሱ ነው። ስንደዶ ክረምቱ ወጣ ሲል፣ አበባው ብቅ እንዳለ፣ አገዳው ከቅጠሉ መሃል ይመዘዛል። በዚህ ሰዓት የተመዘዘው ለስላሳ ነው፣ እንዳጠፉት ይታጠፋል። ዘሩ እስኪበስል ከቆየ ግን ይጠነክርና ሲጠመጥሙት ይሰበራል። ገዢ ከሆኑ ከእስሩ አንድ አገዳ መዘው ጣትዎ ላይ ይጠምጥሙት፤ ሳይሰበር ከዞረ ይውሰዱት።

ለአንድ ባለ 30 ሴንቲ ሜትር ሰፌድ የሚሰበረውንና የሚጣለውን ጨምሮ 200 ያህል የስንደዶ አገዳና አንድ ሙሉ ጭብጥ አክርማ ይበቃል።

አደራረቁ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ አንድ አይደሉም። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ መስከረም ላይ ጠዋት ጠዋት ጉሙ አይለቅም። ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ጠንከር ይላል። እዚያ በሦስት በአራት ቀን የሚደርቀው ደሴ ላይ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ሣሩን በቀጭኑ ዘርግተው በቀን አንዴ ያገላብጡ፣ ማታ ማታ ያስገቡ። ጤዛ ያደረበት ስንደዶ ጥቁር ነጥብ ያወጣል፤ ነጥቡን ማጠብም ቀለም መንከርም አያጠፋውም። ከደረቀ በኋላ ፌስታል ውስጥ አይቋጠርም። በገመድ ታስሮ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ከምድጃው በላይ ግን አይሁን፣ ጭሱ ነጩን ስንደዶ ያበልዘዋል።

አለላ መንከር

ቀለሙ በዱቄት መልክ ገበያ ላይ ይገኛል። ለ100 ግራም ስንደዶ 2 ሊትር ውሃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ዱቄትና 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው ጥሩ መነሻ ነው። ስንደዶውን መጀመሪያ ለአንድ ሰዓት ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፉ። የአገዳው ልባስ ውሃ ስለማያሳልፍ ደረቁን ድስት ውስጥ ከከተቱት ቀለሙ እዚህም እዚያም ይይዝና ዥጉርጉር ይሆናል። ዱቄቱን በትንሽ ሙቅ ውሃ በጥብጠው ድስቱ ውስጥ ይጨምሩ፤ ሲፈላ ስንደዶውን አስገብተው በመካከለኛ እሳት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያቆዩ። ከዚያ አያውጡት፣ እዚያው ይቀዝቅዝ። ብዙ ሰው ተቻኩሎ በትኩሱ ያወጣውና በኋላ «ቀለሙ ለቀቀ» ብሎ ያማርራል።

ያጠቡት ውሃ ጥርት እስኪል ያለቅልቁ፣ ጥላ ላይ ያድርቁ። ድስቱ ለምግብ አይመለስም። በመጨረሻ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ይዘው አለላውን ሸርተት ያድርጉት፤ ጨርቁ ከቀላ ወይም ከወየበ አሁንም ያልቅልቁት። ይህን ሳያደርጉ የሰፉት ሰፌድ የመጀመሪያው ትኩስ ዳቦ ሲቀመጥበት ጉዱ ይወጣል። ለማንኛውም ምግብ የሚነካውን መሃል በነጭ መስፋት፣ አለላውን ወደ ጠርዙ ማድረግ ይሻላል፤ ለዓይንም ያምራል።

አሰፋፉ

የሚያስፈልገው ወስፌ፣ መቀስ፣ አንድ ሳህን ውሃና እርጥብ ፎጣ ነው። ስንደዶውን ለሁለት ሰንጥቀው ለ15 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ካቆዩ በኋላ በፎጣው ይጠቅልሉት። ሲሰፉ እርጥበቱ ከፎጣው ይበቃዋል። ውሃው ውስጥ ከዋለ ያብጣል፤ ያበጠው ሲደርቅ ይሟሽሽና ሰፌዱ ልል ይሆናል።

አክርማውን እርጥብ አድርገው ሲጨበጥ የእስክሪብቶ ያህል የሚወፍር፣ ማለትም 7 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጥቅል ይያዙ። ጫፉን ግን ሹል አድርገው በጥቂት አክርማ ብቻ ይጀምሩ፦ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል በስንደዶ ጠምጥመው ያጥፉትና ቀዳዳ እስከማይታይ ድረስ አጥብቀው ይስፉት። ይህ እምብርቱ ነው። ወፍራም ጥቅል ይዘው ከጀመሩ እምብርቱ አይዘጋም፤ የሰፌድ መሃል መጀመሪያ የሚፈታውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ ሥራው አንድ ዓይነት ነው። በወስፌው ያለፈውን ዙር ይበሱ፣ የስንደዶውን ሹል ጫፍ አሳልፈው ይሳቡ፣ አዲሱን ጥቅል ጠምጥመው እንደገና ይብሱ። ለአንድ ሴንቲ ሜትር ሦስት ስፌት ያስቡ። ወስፌው ያለፈውን ዙር አክርማ ትንሽ ነክሶ ይለፍ እንጂ ስንደዶውን አይሰንጥቀው። አክርማው ሲሳሳ ሦስት አራት ዘንግ ከመሃል ያስገቡ፤ በአንዴ ብዙ ከጨመሩበት እባብ እንቁራሪት እንደዋጠ ሆኖ ያብጣል።

ጀማሪን የሚያስቸግረው ስፌት መጨመሩ ነው። ሰፌዱ በየዙሩ ዙሪያው 4.4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ዙር ወደ 13 ስፌት መጨመር አለበት። የሚጨመረው በአንድ ቀዳዳ ሁለቴ በማሳለፍ ነው፣ ግን በዙሪያው እኩል ተበትኖ እንጂ አንድ ቦታ ተከማችቶ አይደለም። ካልተጨመረ ስፌቶቹ ይራራቁና አክርማው በመሃል ያፈጣል። የአለላው ጥለትም የሚጣመመው እዚህ ላይ ነው። ጥለት ካሰቡ ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው ዙር ላይ ሰፌዱን በክር ለስድስት ወይም ለስምንት እኩል ከፍለው ምልክት ያድርጉ፤ ጭማሪው በእያንዳንዱ ክፍል እኩል ይሁን።

በየሁለት ዙሩ ሰፌዱን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ። ጠርዙ ተነስቶ ጎድጓዳ ከሆነ አክርማውን እየሳቡት ነው፣ ላላ ያድርጉት። ጠርዙ ከተንሻፈፈና ከተወዛወዘ ደግሞ አክርማውን እየገፉ አብዝተዋል፤ ሳብ አድርገው ይያዙ። አንድ ዙር ሲጣመም መፍታት ቀላል ነው። «በኋላ ይስተካከላል» ብሎ መቀጠል ግን አያዋጣም፣ አይስተካከልም። ወደ 21ኛው ዙር ሲደርሱ 30 ሴንቲ ሜትር ይሞላል። ያኔ አክርማውን ቀስ በቀስ አሳስተው ጫፉን ያለፈው ዙር ላይ ያጥፉት፤ የመጨረሻውን ስንደዶ በአራት አምስት ስፌት ሥር ወደ ኋላ አስገብተው ይቁረጡ። ካለቀ በኋላ ገና እርጥብ ሳለ ሁለት ጣውላ መሃል አድርገው አንድ ሌሊት ይጫኑት።

ዋጋ ማውጣት

ባለ 30 ሴንቲ ሜትር ሰፌድ ተዘርግቶ ቢለካ ጥቅሉ 10 ሜትር ገደማ ይረዝማል። በሴንቲ ሜትር ሦስት ሲሰፋ ወደ 3,000 ስፌት ነው። በደቂቃ አራት የሚሰፋ እጅ 12 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል፣ ሣር መሰንጠቁና መንከሩ ሳይቆጠር። ባለ 40 ሴንቲ ሜትሩ ጥቅል ግን 18 ሜትር ይደርሳል። ወርዱ የጨመረው በሲሶ ነው፣ ሥራው ግን እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ገበያ ላይ ብዙ ሰፊ ትልቁን በትንሽ ጭማሪ እየሸጠ የሚጎዳው ይህን ስለማያሰላ ነው። በአካባቢዎ የቀን ሥራ የሚከፈለውን ለስምንት ሰዓት አካፍለው ሥራው በፈጀው ሰዓት ያባዙት፤ የሣርና የቀለም ወጪ ይጨምሩበት። ከዚያ በታች የሚጠይቅ ገዢ ቢመጣ የሚቀነሰው ጥለቱ ነው፣ ወይም መጠኑ።

መቼ ይሸጣል

ኅዳርና ታኅሣሥ እህል የሚበጠርበት ወቅት ስለሆነ የሚፈለገው ያለ ጌጥ የተሰፋ ጠንካራ የማበጠሪያ ሰፌድ ነው። አለላ የበዛበት ሥራ ገበያው ከገና ይጀምርና በጥር ሠርግ ይደምቃል፤ ጾሙ ሲገባ ቀዝቀዝ ይልና ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት ሠርጎች ይመለሳል። ወሎ ላይ ግን በዚህ ብቻ የሚያሰላ ሰው ግማሹን ገበያ ይስታል። ረመዳንና ሁለቱ ኢዶች በየዓመቱ በ10 ወይም በ11 ቀን እየቀደሙ ይመጣሉ፤ በ2017 ዓ.ም. ረመዳን የገባው የካቲት 22 ነበር። ስለዚህ ዕቅድ ሲያወጡ ባለፈው ዓመት ቀን አይመኩ። ለእነዚህ በዓላት ዕቃው ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በፊት ገበያ ላይ መውጣት አለበት።

ደሴ ሰኞ ገበያ የሚመጣው የቤት ዕቃ ፈላጊ ነው፣ በዋጋ ይከራከራል። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚሄድ ደግሞ የባቲን የሰኞ ገበያ ብዙ ሕዝብ ያገኛል። በቴሌግራም የሚሸጥ ፎቶውን በጠዋት ብርሃን ያንሳ፣ አጠገቡ ሲኒ ያስቀምጥ፣ ስፋቱን በሴንቲ ሜትር ይጻፍ፤ ግማሹ ጭቅጭቅ የሚመጣው «ፎቶው ላይ ትልቅ መስሎኝ» ከሚል ነው። የሠርግ ትእዛዝ ሲሆን ቢያንስ ሁለት ወር ይጠይቁ፣ ግማሹን ቀብድ ይቀበሉ። አለላው አንዴ በሙሽራዋ ምርጫ ከተነከረ ለሌላ ሰው መሸጥ ይቸግራልና።

በአውቶቡስ ሲላክ ሰፌዶቹን ፊት ለፊት አጋጥመው በካርቶን መሃል ካሰሩ በኋላ «ከላይ ይጫን» ብለው ለረዳቱ ይንገሩ። ክረምት ከሆነ ላስቲክ ያልብሱት፤ የሚቀበለው ሰው ግን በደረሰበት ቀን ያውልቀው።

ለሚገዛ ሰው

ሰፌዱን ወደ ብርሃን ያንሱ፤ በእምብርቱና በዙሮቹ መሃል ብርሃን ካሳለፈ ልል ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ጠርዙን ይጫኑ፣ ከተንገዳገደ ተጣሟል። ይገልብጡት፦ ጥሩ ሰፊ ጀርባውንም እንደ ፊቱ ትጨርሰዋለች፤ የተንጨባረረ የስንደዶ ጫፍ የጥድፊያ ምልክት ነው። ያሽትቱት፣ የሻጋታ ሽታ ካለው በምንም ዋጋ አይግዙት። የነጭ ጨርቁን ፈተና ሻጩ ፊት ማድረግ ነውር የለውም። አሁን አሁን በአለላ ፋንታ ባለቀለም ፕላስቲክ የተጠመጠመበትም ይሸጣል። ቀለም አይለቅም፣ በቀላሉ ይጠረጋል፤ ትኩስ እንጀራ ሲቀመጥበት ግን ይለሰልሳል፣ ስለዚህ በስንደዶ ዋጋ ሊሸጥ አይገባም።

ቤት ከገባ በኋላ አይዘፈዘፍም። በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ወዲያው ነፋስ ላይ ይደርቅ፣ ከቀጥታ ፀሐይ ይራቅ። ክረምት ላይ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ብሎ እንዲሰቀል ከኋላው ሁለት ቡሽ ያስገቡለት። ጠርዙ ላይ አንድ ስፌት ከተበጠሰ በእርጥብ ስንደዶ በዚያው ሳምንት ያስጠግኑት፤ አንዱ ከላላ የአጠገቡም ተከታትሎ ይለቃል።