ጁዶ ለመጀመር፦ አወዳደቁን አስቀድሙ

ጁዶን የጀመርኩት ሠላሳዎቹን አጋምሼ ነው። ወገቤ ከቢሮ ወንበር ጋር ተጣብቆ ነበር። ዛሬ ሥራዬንም ጠቤንም የምይዝበት መላ ከዚያ ምንጣፍ ያገኘሁት ነው። ስለዚህ «የትኛውን ማርሻል አርት ልማር?» ለሚለኝ ሰው መልሴ ያዳላል።

ክለብ ስትመርጡ የተደረደረውን ዋንጫ አትቁጠሩ። አንድ ሙሉ ልምምድ ቁጭ ብላችሁ እዩ። አዲስ ገቢው ከመወርወሩ በፊት አወዳደቅ ይማራል? ግዙፉ ሰውዬ ከቀጭኗ ልጅ ጋር ሲለማመድ ጉልበቱን ይቀንሳል? ካልሆነ ሌላ ክለብ ፈልጉ። አሰልጣኙ የፈለገውን ያህል ጥቁር ቀበቶ ቢታጠቅም።

የመጀመሪያው ትምህርት ኡኬሚ ይባላል፤ ሳይጎዱ መውደቅ ነው። መጀመሪያ ከተቀመጣችሁበት፣ ቀጥሎ ቁጢጥ ብላችሁ፣ በመጨረሻ ከቆማችሁበት ወደ ኋላ ውደቁ። አገጫችሁን ወደ ደረታችሁ አስጠጉና ቀበቷችሁን እዩ፤ ጭንቅላት ምንጣፍ መንካት የለበትም። ጀርባችሁ ሲያርፍ ክንዳችሁን ከጎናችሁ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ በመዳፍና በክንድ ምንጣፉን ምቱት። ትንፋሽ አታፍኑ፣ አውጡት። እጅ ዘርግቶ መሬቱን ለመደገፍ መሞከር ግን ክልክል ነው። አንጓና ክርን የሚጎዳው በዚህ ነው።

አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይተወዋል። እኔን የለወጠኝ ግን ይሄው ነው። ሰውነት መውደቅን ሲለምድ ፍርሃቱ ይላላል። ያልፈራ ሰው ደግሞ አይገተርም፤ አለቃው ሐሳቡን ሲጥልበትም ጭምር።

ቀጥሎ ኩዙሺ ይመጣል፤ የሰውን ሚዛን ማናጋት። አንድ እጅ ኮሌታ፣ ሌላው እጅጌ ይይዛል። ሲገፋችሁ መልሳችሁ አትግፉ። ሸሸት ብላችሁ ሳቡት። ክብደቱ ወደ እግሩ ጣቶች ሲመጣ ያን ጊዜ ለመጣል ተጠግታችሁ ግቡ። ሳይጥሉ መግባትን ብቻ መደጋገም ኡቺኮሚ ይባላል፤ ከእሱ አትሽሹ። እኔ ሥራዬ የደንበኞች ቅሬታ መቀበል ነው። ስልክ ላይ የሚጮህ ሰው ሲመጣ አልጮህም፤ ይጨርስ፣ ራሱ ያዘነብላል። ከዚያ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። (መወርወሩ ይቀራል እንጂ፣ አንዳንዴስ ያምረኛል።)

የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ መምህር ነበር። ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት ቶኪዮ ውስጥ እ.አ.አ. በ1882 ሲከፍት ገና 21 ዓመቱ ነበር። ሁለት መመሪያ ትቶልናል፦ ጉልበትን በተገቢው ቦታ ማዋልና ራስንም ሌላውንም አብሮ መጥቀም። ሁለተኛውን በቃል አትሸምድዱት፤ በእጃችሁ ሥሩት። ጓደኛችሁን ስትጥሉ እጅጌውን አትልቀቁ። ሲያርፍ ወደ ላይ ሳብ አድርጉለት፣ አወዳደቁ ይቀልለታል። ነገ ተራው የእሱ ነው። ማነቆ ወይም የክርን መቆለፊያ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ሳታመነቱ «በቃኝ» ለማለት ጓደኛችሁን ሁለቴ መታ መታ አድርጉት። እሱ ሲመታችሁ ወዲያው ልቀቁ። እልህ ይዟችሁ አንድ ሰከንድ ብትጨምሩ የሰው ክርን ነው የሚሄደው።

ነፃ ትግሉ ራንዶሪ ነው። ከሚበልጣችሁ ጋር ተያያዙ፤ መጣል ስለማትችሉ ትማራላችሁ። እያሸነፉ ብቻ የሚውሉትን አይቻለሁ፣ ሁልጊዜ ከደካማ ጋር ናቸው።

ለመጀመሪያ ቀን ጥፍራችሁን ቁረጡ፣ ቀለበትና የጆሮ ጌጥ አውልቁ። ከምንጣፉ ውጪ በባዶ እግር አትሂዱ። የጉልበት ወይም የወገብ ሕመም ካለባችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ለአሰልጣኙ ንገሩ። ነጩን ልብስ ለመግዛት አትቸኩሉ። ብዙ ክለብ ለሙከራው ቀን በቱታ ያስገባል፤ ዚፕ የሌለው ይሁን።