ጌስት ፖስት በትክክል እንዴት ይሠራል? ብዙዎችን የሚያሳስቱ እምነቶችን እያጠራን

ጌስት ፖስት ማለት ሌላ ሰው በሚያዘጋጀው ድረ ገጽ ላይ በራስ ስም ጽሑፍ ማውጣት ነው። ስለዚህ ሥራ ሁለት ተቃራኒ ወሬዎች ይናፈሳሉ። አንዱ "ጌስት ፖስትማ ድሮ ቀረ" ይላል። ሌላው "ሊንክህን ብቻ አስገባ፣ ጽሑፉ የፈለገውን ይሁን፤ ጉግል ላይ አንደኛ ትወጣለህ" ይላል። ሁለቱም ስህተት ናቸው። የስህተታቸው ምንጭ ደግሞ አንድ ነው፦ ጌስት ፖስትን የሊንክ መሰብሰቢያ አድርገው ነው የሚያዩት። ጌስት ፖስት ግን በሌላ ሰው አንባቢ ፊት ቀርቦ የሚጠቅመውን ነገር መስጠት ነው። ሊንኩ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

"ድሮ ቀረ" የሚለው ወሬ መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 የጉግል ጸረ ስፓም ቡድን (የፍለጋ ውጤትን ለማታለል የሚሠራ ይዘትን የሚከላከለው ቡድን) መሪ የነበረው ማት ከትስ፣ ለኤስኢኦ፣ ማለትም በጉግል ፍለጋ ከፍ ብሎ ለመታየት ተብሎ የሚጻፍ ጌስት ፖስት አብቅቶለታል ብሎ በራሱ ገጽ ላይ ጻፈ። በመጋቢት ደግሞ ጉግል ጸሐፊዎችንና ድረ ገጾችን ያገናኝ የነበረውን ማይብሎግጌስትን ቀጣ። ገበያው ተረበሸ። ከትስ ግን ወዲያው ማብራሪያ ጨምሮ ነበር። አዲስ አንባቢ ለማግኘትና ስምን ለማስተዋወቅ የሚጻፈው ጽሑፍ እንደ ድሮው ጥሩ ነው፣ እኔ የተናገርኩት ለሊንክ ሲባል በገፍ ስለሚመረተው ነው አለ። ወሬው ሩቅ ሄደ፣ ማብራሪያው ግን እዚያው ቀረ።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ምሳሌያችን አዲስ አበባ ያለ አንድ ቡና ላኪ ይሁን። ማግኘት የሚፈልገው አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ቡና ቆልተው የሚሸጡ አነስተኛ ድርጅቶችን ነው።

መጀመሪያ፦ ማን እንዲያነብላችሁ እንደምትፈልጉ ወስኑ

"ብዙ ሰው" መልስ አይሆንም። የእኛ ቡና ላኪ "ጥሬ ቡና የሚገዛ፣ ስለ ጥራት የሚጨነቅ፣ ኢትዮጵያን ገና በደንብ የማያውቅ ሰው" ብሎ ቢወስን የሚቀጥለው ሥራ ሁሉ ይቀለዋል።

ድረ ገጹን ምረጡ፤ ቁጥሩን ግን አታምልኩ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። "ዶሜይን ኦቶሪቲው 70 ነው" ከተባለ ዓይኑን ጨፍኖ ይከፍላል። ዶሜይን ኦቶሪቲ አንድ ድረ ገጽ በፍለጋ ምን ያህል ከፍ ብሎ ሊወጣ እንደሚችል ከመቶ የሚገምት፣ ሞዝ የሚባል ኩባንያ ያወጣው መለኪያ ነው። ዶሜይን ሬቲንግ የሚባለው ተመሳሳይ መለኪያ ደግሞ ኤኤችሬፍስ የተባለ ሌላ ኩባንያ ያወጣው ነው። ሁለቱም የኩባንያዎቹ የራሳቸው ግምት እንጂ የጉግል ውጤት አይደሉም፤ ጉግል ደረጃ ሲሰጥ አይጠቀምባቸውም። ለመነሻ ያህል ማየት ክፋት የለውም። በእነሱ ብቻ መወሰን ግን ገንዘብ መበተን ነው።

ከዚህ ይልቅ ድረ ገጹን ከፍታችሁ ሦስትና አራት አዳዲስ ጽሑፎችን እስከ መጨረሻ አንብቡ። ከላይ የወሰናችሁት ሰው ይህን ያነባል? ጽሑፎቹን የጻፈው ሰው ይታወቃል? አንባቢስ ይጠይቃል፣ ይከራከራል? በአንድ ገጽ ላይ ስለ ቁማር፣ ስለ ክሪፕቶና ስለ ውሻ ምግብ ተደበላልቆ ካያችሁ፣ ከጎኑም የሊንክ ዋጋ ተለጥፎ ካገኛችሁ ዝጉትና ውጡ። ያ ቦታ አንባቢ የለውም፤ ደንበኛው ሊንክ ገዢ ነው።

ትልቅ ስም ያለው ድረ ገጽም ዋስትና አይሆንም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ፣ የታወቁ ድረ ገጾች ስማቸውን ለሌሎች እያከራዩ የሚያወጡትን ይዘት እንደ ስፓም መቁጠር ጀምሯል። ለቡና ላኪያችን ጥቂት መቶ ቡና ቆይዎች የሚያነቡት ትንሽ ገጽ፣ ሚሊዮን መንገደኛ ከሚያልፍበት የዜና ድረ ገጽ በብዙ ይሻለዋል።

ለአዘጋጁ ጻፉ

አንድ ኢሜይል አዘጋጅቶ ለመቶ ሰው መላክ ያዋጣል የሚል እምነት አለ። አዘጋጆች እንዲህ ያለውን ኢሜይል ገና በመጀመሪያው መስመር ይለዩታል። "ድንቅ ድረ ገጻችሁን ሁልጊዜ እከታተላለሁ" የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ አንብቦ አያውቅም። የቡና ላኪያችን ኢሜይል ይህን ቢመስል ጥሩ ነው፦

"ጤና ይስጥልኝ። ስለ ኢትዮጵያ ቡና ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። አንድ አንባቢያችሁ፣ ያልታጠበ ቡና ጣዕሙ ከጆንያ ጆንያ ለምን እንደሚለያይ ጠይቆ ነበር፤ መልስ ግን አላገኘም። እኛ ይርጋጨፌ ላይ ቡና በአልጋ እናደርቃለን። ቡናው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚገላበጥ፣ ማታ ለምን እንደሚሸፈን፣ እርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ ሳይደርስ ቢነሳ ምን እንደሚሆን በፎቶ አስደግፌ ልጽፍላችሁ እችላለሁ። ጽሑፉ ሌላ ቦታ አልወጣም፣ አይወጣምም።"

ስለ ሊንክ አንድም ቃል የለበትም። ስለ ራሱም የተናገረው ለምን ይህን ርዕስ መጻፍ እንደሚችል ብቻ ነው። ይህ ይበቃል። መልስ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ በትህትና አስታውሱ፤ ከዚያ በኋላ አትጨቅጭቁ።

ጥሩውን ጽሑፍ ለራሳችሁ አታስቀሩ

"ምርጡን ለራሴ ገጽ፣ ተራውን ለሰው" የሚለው ሐሳብ ሒሳብ የሚመስል ኪሳራ ነው። በዚያ ገጽ ላይ የሚያገኛችሁ ሰው ከዚህ በፊት አያውቃችሁም። የሚፈርድባችሁ በዚያች አንዲት ጽሑፍ ነው። እጃችሁ ላይ ያለውን፣ ሌላ ሰው ሊጽፈው የማይችለውን ነገር ስጡ። ቡና ላኪው "የቡና ጥቅሞች" ብሎ ቢጽፍ ማንም አያነበውም፤ በኤአይ ተቀምሞ በየቦታው ሞልቷል። ዝናብ ድንገት ሲመጣ አልጋው ላይ ያለው ቡና ምን እንደሚደረግ ቢጽፍ ግን ገዢው እስከ መጨረሻ ያነባል።

ያንኑ ጽሑፍ ለአሥር ድረ ገጽ መበተንም አይጠቅምም። ብዙዎች እንደሚሉት ወዲያው ቅጣት ያመጣል ማለት ግን አይደለም። ጉግል ከቅጂዎቹ አንዱን መርጦ ያሳያል፣ የቀሩት ይደበቃሉ። ትልቁ ጉዳት የአዘጋጆቹን እምነት ማጣት ነው።

ሊንኩን በልኩ

በጽሑፉ ውስጥ "ምርጥ የይርጋጨፌ ቡና አቅራቢ" በሚል ቃል ላይ ሊንክ ማሰር የቆየ ዘዴ ነው። በቁልፍ ቃል (ሰው ጉግል ላይ በሚፈልገው ቃል) የታጨቀ ሊንክ ይዞ በገፍ የሚወጣ ጌስት ፖስት በጉግል የስፓም ደንብ ላይ በግልጽ ተጠቅሷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የመጣው ፔንግዊን የተባለው የጉግል ፍለጋ አሠራር ለውጥም ብዙ ድረ ገጾችን የጣላቸው እንዲህ ባሉ ሰው ሠራሽ ሊንኮች ነው። ስለዚህ ሊንኩ አንባቢው የበለጠ ማወቅ በሚፈልግበት ቦታ ይግባ። "የአደራረቁን የቀን መዝገብ እዚህ ታያላችሁ" ብሎ ወደ መዝገቡ ገጽ መውሰድ ይበቃል። የድርጅቱ ስምና ሊንክ ከጽሑፉ ግርጌ በጸሐፊው መግለጫ ውስጥ ይቀመጥ።

አዘጋጁ ሊንኩን ኖፎሎው ቢያደርገው አትጣሉት። ኖፎሎው ጉግል ሊንኩን ለደረጃ እንዳይቆጥረው የሚነግር፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የመጣ ምልክት ነው። ከ2019 ወዲህ ጉግል የሚያየው እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ፍጹም ትእዛዝ አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሊንኩን ጠቅ የሚያደርገው ቡና ገዢ ኖፎሎው ይሁን አይሁን አያይም። ገንዘብ ከፍላችሁ የወጣ ጽሑፍ ከሆነ ግን ሊንኩ ስፖንሰርድ (የተከፈለበት) ወይም ኖፎሎው የሚል ምልክት ሊደረግበት ይገባል፤ ለአንባቢውም ማስታወቂያ መሆኑ ይነገረው። ይህን የሚደብቅ ሰው አብሮ ለመሥራት አይሆንም።

ከወጣ በኋላ

ጽሑፉ የወጣ ቀን ሥራው አላለቀም። አንባቢ ሲጠይቅ ራሳችሁ መልሱ። ሊንኩ ላይ ዩቲኤም (ጎብኚው ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ተቀጥላ) ጨምራችሁ ከሆነ ስንት ሰው እንደመጣ በጉግል አናሊቲክስ ታያላችሁ። ከጎብኚው ብዛት ይልቅ የመጣው ሰው ያደረገውን ተመልከቱ፤ ናሙና የጠየቁ ሁለት ገዢዎች ዝም ብለው ካለፉ ሁለት ሺህ ሰዎች ይበልጣሉ።

አንድ ጽሑፍ አውጥቶ በሳምንቱ ተአምር መጠበቅ የመጨረሻው የተሳሳተ እምነት ነው። ቡፈር ከተባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፎች ማሰራጫ መተግበሪያ መሥራቾች አንዱ የሆነው ሊዮ ዊድሪች በድርጅቱ የመጀመሪያዎቹ 9 ወራት 150 ገደማ ጌስት ፖስቶችን ጽፏል። የመጀመሪያዎቹ ይህን ያህል ሰው አላመጡም፤ ለውጡ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። ዛሬ ያን ያህል መጻፍ ያስፈልጋል ብዬ አላምንም። በወር አንድ በደንብ የተሠራ ጽሑፍ ለአንድ አነስተኛ ድርጅት ይበቃዋል። የመጀመሪያው ጽሑፍ ጥሩ ከሆነ ሁለተኛውን ለዚያው አዘጋጅ አቅርቡ፤ አሁን ያውቃችኋልና መልሱ ይፈጥናል።