ላብራዶር ለሰንሰለት አልተፈጠረም፦ ቡችላ አሳዳጊዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

በአዲስ አበባ ውሻ በማሰልጠን በቆየሁባቸው ዓመታት በስልክ ከሚደርሱኝ ቅሬታዎች ሁሉ የሚበዛው አንድ ነው። «ወንድሜ፣ ይህን ሁሉ ብር አውጥቼ የገዛሁት ላብራዶር የማያውቀው ሰው ግቢ ሲገባ ጅራቱን ይቆላል፤ ምን ባደርገው ይጮኻል?» ይሉኛል። ጠያቂዎቹ ቡችላውን የገዙት አብዛኛውን ጊዜ «የፈረንጅ ውሻ ነው፣ ሲያድግ ግቢ ይጠብቃል» ተብለው ነው። ስለዚህ ገና በሦስተኛ ወሩ ከበሩ አጠገብ በሰንሰለት ያስሩታል፣ ማታ ይፈቱታል፣ ሰው እንዳይለምድ ብለውም ልጆች እንዳይነኩት ይከለክላሉ። ካየኋቸው ስህተቶች ሁሉ ልታገሠው የማልችለው ይህን ነው።

የላብራዶር ቅድመ አያቶች በካናዳዋ የኒውፋውንድላንድ ደሴት ከዓሣ አጥማጆች ጋር እየዋሉ መረብና ያመለጠ ዓሣ ከቀዝቃዛ ውኃ ያወጡ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ ብሪታንያ ተወስደው ደግሞ አዳኝ ተኩሶ የጣለውን ወፍ ሳይጎዱ በአፋቸው ይዘው እንዲመጡ እየተመረጡ ተዳቀሉ፤ የብሪታንያ የውሾች ማኅበርም ዝርያውን የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። እንግዲህ ከሰው ጎን ሆኖ እንዲሠራ ለብዙ ትውልድ ሲመረጥ የኖረን ውሻ ከሰው ለይተው ሲያስሩት መሬት ይቆፍራል፣ ቀኑን ሙሉ ያለ ምክንያት ይጮኻል፣ በተፈታ ቁጥር 30 ኪሎ ክብደቱን ይዞ ያገኘው ሰው ላይ ይዘልላል፤ ከዚያም «እብድ ነው» ይባልና ሰንሰለቱ ያጥራል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለውን «እብድ» እንዳይ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። በታሰረበት ምሰሶ ዙሪያ ያለው ሣር በሰንሰለቱ ልክ ክብ ሆኖ ተልጧል፣ አንገቱ ላይ ያለው ፀጉር እንደ ቀለበት ተበልቷል፣ የውኃ ሳህኑም ተገልብጦ ከማይደርስበት ቦታ ተንከባልሏል። ስፈታው መጀመሪያ ያደረገው ነገር ከጉድጓዱ አንድ የተቀደደ ነጠላ ጫማ አውጥቶ በአፉ እንደያዘ እግሬ ሥር መቀመጥ ነበር። ሌባ እንዲይዝለት ውሻ የሚፈልግ ሰው ሌላ ዝርያ ይምረጥ፤ ከሁሉም በፊት ደግሞ አጥሩን ያጠናክር።

ሁለተኛው ስህተት ቡችላን በአምስት ሳምንቱ ከእናቱ መንጠቅ ነው። ሻጩ «ሥጋ መብላት ጀምሯል» ቢልም እስከ ስምንተኛ ሳምንቱ መቆየት አለበት፤ የንክሻውን ኃይል መጠን የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ነውና። ከዚያ በኋላ ክትባቱ እስኪያልቅ ድረስ ቤት ውስጥ ዘግቶ ማቆየትም ሌላ ጥፋት ይሆናል። ቡችላ ዓለምን ሳይፈራ የሚለምደው ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንቱ ባለው ጊዜ ነው፤ ፓርቮ የሚባለውን ቡችላ ገዳይ የአንጀት በሽታ የሚከላከለው ክትባት ደግሞ በየሦስትና አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ አሥራ ስድስተኛው ሳምንት ይዘልቃል። መፍትሔው ቡችላውን መንገድ ላይ ሳያወርዱ በእቅፍ ይዞ መውጣት፣ ባጃጁን፣ ዣንጥላውንና የትምህርት ቤት ልጆችን ጫጫታ ከእቅፍ ሆኖ እንዲያይ ማድረግ ነው። በግቢው ውስጥ ቀደም ሲል በፓርቮ የሞተ ውሻ ካለ ግን ሌላ ቡችላ ለማምጣት መቸኮል አይገባም፤ ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፣ ሲሚንቶውንም በሳሙና ብቻ ሳይሆን በበረኪና ማጠብ ያስፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወሩ መሰጠት እንዳለበት መጻፍ እንኳ አይገባኝም ነበር፤ ነገር ግን «ከግቢ ስለማይወጣ አላስከተብኩትም» የሚል ሰው ዛሬም አላጣሁም።

ላብራዶር ጠገብኩ ማለትን አያውቅም። የካምብሪጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳዩት ከአራት ላብራዶሮች የአንዱ ያህል የረሃብንና የጥጋብን ስሜት በሚቆጣጠር ዘረመል ላይ ጉድለት አለበት። ስለዚህ ዓይኑን አይቶ ምግብ የሚጨምር ሰው ሁልጊዜ ይታለላል። 46 ኪሎ የደረሰች አንዲት ሴት ላብራዶር አይቻለሁ፤ ከ32 ኪሎ ማለፍ አልነበረባትም። ባለቤቷ «በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የምትበላው» ብለው ቢምሉልኝም ወረቀት ኩሽናው ግድግዳ ላይ ለጥፌ ለውሻዋ ምግብ የሰጠ ሁሉ ምልክት እንዲያደርግ አዘዝኩ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ዘበኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ሁለቱ ልጆችና አያትየው እያንዳንዳቸው «አልበላችም መሰለኝ» እያሉ ሲሰጧት እንደነበር ታወቀ። በ48 ላብራዶሮች ላይ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ከአቻዎቻቸው ሩብ ያህል ያነሰ ምግብ የተሰጣቸው ውሾች ሁለት ዓመት ገደማ የበለጠ ኖረዋል። ምግቡ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ መለኪያ ይሰጥ፤ ጎኑን ሲዳስሱት የጎድን አጥንቱ በእጅ ካልተለየ መጠኑ ይቀነስ።

የስድስት ወር ቡችላ ጎረምሳ ቢመስልም አጥንቱ ገና አልጠናም። በየማለዳው ከእንጦጦ ቁልቁል አብሮ ማስሮጥ በዳሌ ችግር ለሚታወቅ ዝርያ አደጋ ነው፤ ቢያንስ አንድ ዓመት ከመንፈቅ እስኪሞላው ይጠበቅ።

ሽንቱን ቤት ውስጥ ሲሸና አፍንጫውን እዚያው ማሸት ሽንቱን ደብቆ እንዲሸና ከማስተማር በቀር ፋይዳ የለውም። የላም ወተት ያስቀምጠዋል። በየሳምንቱ በሳሙና ማጠብ ቆዳውን ከውኃ የሚከላከለውን ቅባት ያጠፋል፤ ከታጠበ በኋላ ጆሮው ካልደረቀ ደግሞ ይመግላል።

በበዓል ማግስት ስልኬ አያርፍም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እንደ መርፌ ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል፤ ከወጡ የተረፈው ቁሌት ደግሞ ሽንኩርት ስለሆነ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ከእነዚህ የከፋው ግን በግ ሲታረድ «ለሰው አይሆንም» ተብሎ በጥሬው የሚወረወርለት ውኃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ከኮሶ ወገን የሆነ የትል እጭ በውሻው አንጀት ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ከፀጉሩ ወደ ልጆች እጅና አፍ ይደርስና በሰው ጉበት ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። እንዲህ ያለው ሳንባ መቀበር ወይም መቃጠል አለበት።

የመጨረሻውን ስህተት ራሴ ሠርቼዋለሁ። የመጀመሪያው ላብራዶሬ በአራት ወሩ፣ ጥርሱ ሊረግፍ ሲያሳክከው፣ ያገኘውን ሁሉ በአፉ ይይዝ ነበር። እኔም እየጮኽኩ አሳድደዋለሁ፣ መንጋጋውን ፈልቅቄ እነጥቀዋለሁ። ዕቃ መያዝ ትርፉ መነጠቅ መሆኑን ሲረዳ መሮጡን ትቶ መዋጥ ጀመረ፤ አንድ ማታ የልጄን ካልሲ ዓይኔ እያየ ዋጠው፣ በሦስተኛው ቀንም ሆዱ ተቀድዶ ወጣለት። ከዚያ በኋላ በየሰፈሩ «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያሉ ከሚዞሩት ነጋዴዎች ተምሬ አሠራሬን ቀየርኩ፤ «ልዋጭ» እላለሁ፣ ቁራሽ የተቀቀለ ሥጋ አሳየዋለሁ፣ የያዘውን ሲለቅ እሰጠዋለሁ፣ የሚቻል ሲሆንም ዕቃውን መልሼ አስይዘዋለሁ። በክፍያ ሌብነት ታስተምረዋለህ ብለው የሚቀልዱብኝ አሉ፤ ሐሰትም አይደለም። ውሻው ዛሬ 9 ዓመቱ ነው፤ ካልሲ መስረቁን አልተወም፣ አሁን ግን እንደሰረቀ በቀጥታ ኩሽና በር ላይ መጥቶ ይቀመጣል።