ከዱር ጦስኝ ናሙና አወሳሰድ፦ የዘይቱን ልዩነት ሳያበላሹ መለካት

ከደጋ የመጣ ጦስኝ ሁሉ ዘይቱ አንድ አይደለም። በኢትዮጵያ በዱር የሚበቅሉት ሁለት ዝርያዎች፣ ታይመስ ሺምፐሪና ታይመስ ሴሩላተስ፣ በአንዱ ቦታ ታይሞል፣ በሌላው ካርቫክሮል (ሁለቱም የዘይቱ ሽታ ሰጪ ውህዶች ናቸው) ይበዛባቸዋል፤ ሁለቱም አንሰው ሌላ ውህድ የሚገንበትም አለ። ይህን የሚያጠና ሰው ሥራው የሚበላሽበት ብዙ ጊዜ ላብራቶሪ ውስጥ ሳይሆን ተራራው ላይ ነው፤ የብዙ ተክል ቅጠል አንድ ጆንያ ውስጥ ሲከት። ታይሞላሙና ካርቫክሮላሙ አብረው ሲነጠሩ ከሁለቱም እኩል ያለበት ዘይት ይወጣል፤ እንዲህ ያለ ተክል ግን እዚያ ቦታ አንድም ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ናሙና የሚወሰደው በየተክሉ ነው። ከገበያ የተገዛ ደረቅ ጦስኝ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አስቀድማችሁ ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ አውጡ (አዋጅ ቁጥር 482/1998)።

ጦስኝ መሬት ላይ እየተሳበ ከግንዱ ሥር ስለሚሰድ፣ ሰፋ ብሎ የተነጠፈው ሁሉ አንድ ተክል ሊሆን ይችላል። ከአንዱ ወደ ሌላው ቢያንስ 10 ሜትር እየዘለላችሁ ከአንድ ቦታ 20 ያህል ውሰዱ። በመቀስ ቁረጡ እንጂ አትንቀሉ። ሁሉም ቦታ አበባው ተመሳሳይ ደረጃ ላይ ሲደርስ፣ ለምሳሌ ግማሹ ሲፈነዳ፣ ሰብስቡ፤ ገና ያላበበ ተክል ጋማ ተርፒኒኑ (ታይሞልና ካርቫክሮል የሚሠሩበት ውህድ) ከፍ ሊል ስለሚችል የዕድሜ ልዩነቱ የዘር ልዩነት ይመስላችኋል። ከእያንዳንዱ ተክል ለዘይት ጥቂት እፍኝ፣ ለዲኤንኤ ለጋ ቅጠል፣ ለተከላ ደግሞ ሥር የጀመረ ቁራጭ ያዙ፤ ሦስቱም አንድ ቁጥር ይኑራቸው። ከየቦታው አበባ ያለው ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሀል ተጭኖ ይድረቅና ዝርያው የደረቁ ተክሎች ማከማቻ በሆነው በብሔራዊ ሄርባሪየም ይረጋገጥ።

የዘይቱን ናሙና በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁ። ፕላስቲክ ውስጥ ይሻግታል፣ ፀሐይ ላይ ዘይቱ ይተናል።

ጥቂት ቅጠል ብቻ ካላችሁ፣ 100 ሚሊ ግራም ደረቅ ቅጠል በ1 ሚሊ ሊትር ሄክሴን (ዘይት አሟሚ ፈሳሽ) ለ24 ሰዓት ዘፍዝፋችሁ፣ ፈሳሹን ከታች በተነገረው ማሽን በመለካት የተክሉን ዓይነት (ታይሞላም ወይስ ካርቫክሮላም) መለየት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ዓይነታቸው አንድ የሆኑትን ደባልቆ ማንጠር ይቻላል፦ 100 ግራም ቅጠል፣ 1 ሊትር ውሃ፣ የ2 ሊትር ጠርሙስ፣ የክሌቬንጀር መሣሪያ (ዘይቱን ከውሃው ጋር አትንኖ የሚለይ የመስታወት ዕቃ)፣ ከመጀመሪያዋ ጠብታ ጀምሮ 3 ሰዓት። ጠርሙሱ ከዚህ በላይ ከሞላ አረፋው ወደ ማቀዝቀዣው ይወጣል። የቅጠሉን እርጥበት ለይታችሁ ካልለካችሁ የምርት መጠንን ከቦታ ቦታ አታወዳድሩ። ዘይቱን ውሃ አልባ በሆነ ሶዲየም ሰልፌት አድርቃችሁ፣ በቡናማ ብልቃጥ እስከ አፉ ሞልታችሁ በ4 ዲግሪ አስቀምጡ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ታይሞል የሚቀልጠው 50 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ታይሞል የበዛበት ዘይት ፍሪጅ ውስጥ ነጭ ክሪስታል ሊያወጣ ይችላል። ላይ ላዩን ፈሳሹን ብቻ ከቀዳችሁ ውጤቱ ታይሞልን አሳንሶ፣ ሌላውን የዘይቱን ውህድ ፓራ ሳይሚንን አግንኖ ያሳያል። ብልቃጡን ክሪስታሉ እስኪሟሟ አሙቁት፣ በደንብ ነቅንቁት፣ ከዚያ ቅዱ።

በጋዝ ክሮማቶግራፊ (የዘይቱን ውህዶች አንድ በአንድ በሚለየው ማሽን) ስትለኩ የማሽኑን የስም ጥቆማ ብቻ አትመኑ። ታይሞልና ካርቫክሮል ፎርሙላቸው አንድ፣ የማስ ስፔክትራቸውም (ማሽኑ ውህዱን የሚያውቅበት የስብርባሪ ክብደት አሻራ) የተቀራረበ ነው። የሚለያቸው የመውጫ ጊዜ ነው፤ በዲቢ-5 ዓይነት ኮለም (ውህዶቹ የሚለያዩበት ቀጭን ቱቦ) ላይ የሪቴንሽን ኢንዴክሳቸው፣ ማለትም የመውጫ ጊዜያቸው ከአልኬኖች (alkanes) ጋር ተነጻጽሮ የሚሰጠው ቁጥር፣ በቅደም ተከተል 1290 እና 1298 ገደማ ነው። የአልኬን ቅልቅል በማሽኑ ሳታሳልፉ ይህን ማስላት አትችሉም።

ለዲኤንኤ፣ ቅጠሉን በክብደት 10 እጥፍ በሆነ ሲሊካ ጄል አድርቁ። ዲኤንኤ ማውጫው ሲታብ ፈሳሽ ላይ ፊኖል የሚይዘውን ፖሊቪናይልፒሮሊዶን ካልጨመራችሁ የቅጠሉ ፊኖሎች ዲኤንኤውን ያጠቁሩታል፣ ዲኤንኤውን የሚያባዛው ፒሲአርም ዝም ይላል። የዲኤንኤው ንጽሕና መለኪያ የሆነው የ260/280 የብርሃን ንባብ ወደ 1.8 ይጠጋ።

የጂን ልዩነት ከዘይት ልዩነት ጋር ተያይዞ መገኘቱ ብቻውን ምክንያቱን አይነግርም፤ ከፍታውና አፈሩም አብረው ይለያያሉ። ቁራጮቹን አንድ ማሳ ላይ፣ ከእያንዳንዱ ተክል ቢያንስ 3 ችግኝ፣ ቦታቸውን በዕጣ አደባልቃችሁ ትከሉ። የመጀመሪያውን ለጋ እድገት ቆርጣችሁ ጣሉና ቀጥሎ ሲያብብ ለኩ። ካርቫክሮላሙ እዚያም ካርቫክሮላም ሆኖ ከቀጠለ ልዩነቱ የዘር ነው፤ ችግኞቹ ወደ አንድ ዓይነት ከተጠጉ ግን ልዩነቱን ያመጣው በቀድሞው ቦታ የነበረው አፈርና አየር ነው።